አንደርሶን ማለት የእንድርያስ ልጅ ነው

(ስቶክሆልም ውስጥ ለሐበሻ ወላጆች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል)

እንደምን አመሻችሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ በሩ ጎን ታጣፊ ወንበሮች አሉ፤ ውሰዱ። ልጆቹን ተዉአቸው፣ ይሩጡ። የምናወራው ስለ እነሱ ስም ነው።

የዛሬው ጉዳይ የመጣው በአንድ ስልክ ነው። የማታውቁኝ ካላችሁ፣ በየትምህርት ቤቱ እየዞርኩ አማርኛ የማስተምር የእናት ቋንቋ መምህር ነኝ። ከአንድ ወር ተኩል በፊት የአንድ ተማሪዬ እናት ደወለችልኝ። ልትወልድ ተቃርባለች። «መምህር፣ ሴት ናት ብለውኛል። የዚህን አገር ስም ላወጣላት ነው። ትርጉሙ ደስ የሚል አንድ ምረጥልኝ» አለችኝ። ከኢንተርኔት ያገኘችውን የስም ዝርዝርም ላከችልኝ። የወደደቻቸው ላይ የልብ ምልክት አድርጋለች። አንዱ ልብ ያረፈው ጉንሂልድ ላይ ነው። ከጎኑ ትርጉሙ ተጽፏል፦ «ጦርነት»።

ዝርዝሩ እንዲያውም አሳንሶታል። በኖርስ፣ በጥንት ስካንዲኔቪያውያን ቋንቋ፣ ጉን ማለት ውጊያ ነው። ሂልድ ማለትም ውጊያ ነው። ስለዚህ ጉንሂልድ ቃል በቃል «ውጊያ ውጊያ» ማለት ነው። ይህን ስነግራት ስልኩ ጸጥ አለ። ከዚያ «ታዲያ ይህን ለአራስ ልጅ እንዴት ይሰጡታል?» አለችኝ።

መልሱ በስልክ የሚያልቅ አልነበረም። ለዚህ ነው የተሰበሰብነው። ዓመት ስጠራ ሁሉንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ሁለተኛ አልደግመውም።

እኛ ስም ስናወጣ ብዙ ጊዜ የምናወጣው ዓረፍተ ነገር ነው። ጥላሁን ስንል ልጁን «ጥላ ሁን» እያልነው ነው። ስንታየሁ ስንል «ስንቱን አየሁ» እያልን ነው። በልጅ ስም እንመርቃለን፣ እናመሰግናለን፣ አንዳንዴም ለጎረቤት ነገር እንወረውራለን። ስለዚህ የሌላ አገር ስም ስንሰማም ቶሎ ብለን «ምን ማለት ነው?» እንላለን። ከስሙ ውስጥ የሚናገር ሰው እንፈልጋለን።

የጥንቱ የስካንዲኔቪያ ስም ውስጥ ግን የሚናገር ሰው የለም። ስሙ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቃል ነው፤ እንደ ጡብ የተጋጠመ። ጡቦቹ ደግሞ ተደጋግመው ነው የሚመጡት። ሲግ ድል ነው። አስ አምላክ ነው። ፍሪድ ቆንጆ፣ የተወደደች ማለት ነው። ቶር የነጎድጓዱ አምላክ ራሱ ነው። ስቴን ድንጋይ ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ ከእነዚህ ውስጥ የሚወዳቸውና ከትውልድ ትውልድ የሚያዟዙራቸው ነበሩት። አባት ሲጉርድ፣ እናት አስትሪድ ቢሆኑ ልጅቷን ሲግሪድ ማለት ይቻላል። ፊቷ ከአባት፣ ኋላዋ ከእናት። ትርጉሟ «ድል ቆንጆ» ሆኖ ይወጣል። ይህን ሐረግ ግን አስቦ የደረሰው ሰው የለም። ቁም ነገሩ ስሟን የሰማ ሁሉ የማን ልጅ፣ የማን ዘር እንደሆነች ማወቁ ነው። ጉንሂልድም በዚህ መንገድ የመጣች ናት። አንዱ ውጊያ ከአንድ ወገን፣ ሌላው ውጊያ ከሌላው ወገን፤ ተጋብተው እጥፍ ሆኑ።

ኢንግሪድ፣ አስትሪድ፣ ቶርስቴን፣ ጉናር፣ ሁሉም የዚህ ቤት ልጆች ናቸው። ሃራልድም እንዲሁ። ሃር ሠራዊት ነው፣ ቫልድ ገዢ። ስለ ሃራልድ ካነሳሁ አይቀር እጃችሁን ወደ ኪሳችሁ ስደዱ። ስልካችሁ ላይ ብሉቱዝ የሚባለው ነገር ስሙን ያገኘው በ10ኛው መቶ ዘመን ዴንማርክን ከገዛው ከንጉሥ ሃራልድ ነው። ቅጽል ስሙ «ሰማያዊ ጥርስ» ነበር። የተለያዩትን የዴንማርክ ግዛቶች አንድ ስላደረገ፣ መሣሪያን ከመሣሪያ የሚያገናኘው ቴክኖሎጂ በእሱ ተሰየመ። ምልክቱም የሁለት የጥንት ፊደላት ቅልቅል ነው፤ የስሙና የቅጽሉ መነሻ። ከአንድ ሺህ ዓመት በኋላ ስማቸው በየሰው ኪስ የሚዞር ንጉሦች ብዙ አይመስሉኝም።

አሁን የልቤን ልንገራችሁ። ከእነዚህ ጡቦች ውስጥ ለእኛ ጆሮ ቅርብ የሆኑ አሉ። ሌይፍ «የተረፈ፣ ወራሽ» ማለት ነው። ኦላቭ ደግሞ ከሁለት የተሠራ ነው፦ «የቀድሞ አባት» እና «ቅሪት»። የአያት ትራፊ እንደ ማለት። ቦዲል የምትባል የሴት ስም አለች። መጀመሪያዋ «ቦት» ነው፤ ካሳ ማለት። ካሳ! ኋላዋ ያው የፈረደባት ውጊያ ነው።

የሞተን ሰው በስም የመተካት ልማድም ነበራቸው። በድሮ ጊዜ በኖርዌይም በአይስላንድም የሞተ ዘመድ ስም ለሚቀጥለው ልጅ ይሰጥ ነበር። በኋላ ዘመንም በገበሬው ቤት የበኩር ወንድ ልጅ የአባቱን አባት ስም፣ ሁለተኛው የእናቱን አባት ስም ይወስድ ነበር። ሕፃን ሲሞት ደግሞ ያንኑ ስም ከእሱ በኋላ ለተወለደው መስጠት የተለመደ ነበር። የድሮ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ብታገላብጡ አንድ እናትና አባት ሁለት ላርስ ወልደው ታገኛላችሁ። በመጀመሪያው ላርስ ስም ጎን መስቀል አለ።

እኛ ለዚያ ልጅ ምትኩ እንላለን። ወይ ካሳ። ወይ ማስረሻ። እነሱ ኀዘኑን በቃል አልጻፉትም፤ ስሙን ራሱን ደገሙት። የእኛው እናት ኀዘኗን ለሰፈሩ ሁሉ ትናገራለች። የእነሱ እናት ዝም ብላ ላርስ ብላ ትጣራለች፣ የሚያውቅ ያውቃል። የትኛው እንደሚከብድ እንጃ።

ወደ ዛሬ እንምጣ። አንድ ስዊድናዊ የሥራ ባልደረባዬን ስለ ሚስቱ ስም ጠየቅኩት፤ ኢንግሪድ ናት። «ምን ማለት ነው?» አልኩት። ትንሽ አሰበና «የአያቷ ስም ነው» አለኝ። ጥያቄው ያልገባው መስሎኝ ደገምኩለት። ገብቶታል። ለእሱ ትርጉሙ ያው አያቷ ናት። ኢንግ የሚባለው የጥንት አምላክ ትዝ ብሎትም አያውቅ።

እንደዚህ ትርጉማቸው ለጆሮ የሞተ ስሞች አሉ። ትርጉማቸው ያልሞተም አለ። ይህን የተማርኩት አንድ የሙአለ ሕፃናት ኮሪደር ላይ ነው። የሁላችሁም ልጆች እዚያ ስላለፉ ታውቁታላችሁ፤ እርጥብ የክረምት ቱታ የሚሰቀልበት፣ ቦት ጫማ የሚደረደርበት፣ ከእያንዳንዱ መስቀያ በላይ የልጁ ስም የተለጠፈበት። አንዱ መስቀያ ላይ ብዮርን ይላል። ልጁ ከስሙ ጎን በቡናማ ቀለም ድብ ስሏል። ማንም አስተምሮት አይደለም። ብዮርን ማለት ዛሬም ድብ ነው፣ በመጽሐፍም በአፍም። ቀጥላ ያለችው ሳጋ ናት፤ ተረት፣ ታሪክ ማለት። ከዚያ ሊቭ።

ሊቭ ዛሬ ለስዊድናዊ ጆሮ ሕይወት ማለት ነው። ምሁራን የስሙ ሥር «መጠለያ» ከሚለው የጥንት ቃል ነው ይላሉ፤ ይበሉ። ማንም እናት ሊቭ ብላ ስትጣራ መጠለያ አትሰማም። የእኛዋ ሕይወትና የእነሱ ሊቭ አንድ መስቀያ ላይ ቢንጠለጠሉ ሞክሼ ናቸው።

እንዲህ ያሉ ሞክሼዎችን መፈለግ አንድ ሰሞን ሱስ ሆኖብኝ ነበር። ስቬያ የምትባል የሴት ስም አለች፤ ስዊድን በሴት ተመስላ ስትጠራ ያለው ስም ነው። ሴት ልጁን ኢትዮጵያ ብሎ የሰየመ ሰው ወዲያው ይገባዋል። የተባበሩት መንግሥታት የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ ኖርዌጂያዊው ትሪግቬ ሊ ነበሩ። ትሪግቬ ማለት ታማኝ ነው። የአባት ስም ሆኖ የተያዘው ሊ ደግሞ ተዳፋት ማለት ነው። ቀጥለው የመጡት ስዊድናዊው ዳግ ሃማርሾልድ፤ ዳግ ማለት ቀን። ዓለምን መጀመሪያ አቶ ታማኝ፣ ቀጥሎ አቶ ቀን መሯት ማለት ነው።

ሁሉም ግን እንዲህ ያምራል ብላችሁ አትጠብቁ። ኡልፍ ተኩላ ነው። ክኑት ቋጠሮ ነው። ሼል የሚባል ስም አለ፤ አጻጻፉ ሌላ ነው፣ አነባበቡ ግን ሼል ነው። የመጣው «ድስት» ከሚለው የጥንት ቃል ነው። ድስት የሚመስለውን የራስ ቁር ይሆናል ብለው የሚያባብሉም አሉ። ሼል የሚባል ጎረቤት ካላችሁ አደራ አትንገሩት። ሰላምታ ይበላሻል።

እስካሁን ያነሳኋቸው የቫይኪንጉ ዘመን ስሞችና የዛሬ ቃላት ናቸው። መካከሉ ላይ ግን አንድ ትልቅ ክምር አለ፣ እሱን ብዙ ሐበሻ አያስተውለውም። ክርስትና ሲገባ የቅዱሳን ስም አብሮ ገባ። እንደ ድንጋይ ወንዝ ውስጥ እየተንከባለለ ጠርዙ አለቀ። አንደርስ የስዊድን ስም ይመስላችኋል? እንድርያስ ነው። ፔር ጴጥሮስ ነው። ማትስ ማትያስ ነው። ኒልስ የኒኮላስ ቁራጭ ነው። ካሪን ካትሪና ናት። ማያ ከማርያም የወጣች ናት። ዮሐንስማ ስንት ሆኖ እንደተከፋፈለ! ዮሃን፣ ያን፣ የንስ፣ ዮን፣ ሃንስ፣ ሁሉም እሱው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ኤልሳ ብለን የምናቆላምጣት ልጅም እዚህ ኤልሳ ናት፤ በሁለቱም አገር ከኤልሳቤጥ ነው የተቆረጠችው።

እንግዲህ አንደርሶን ማለት የእንድርያስ ልጅ ነው። ዮሃንሶን የዮሐንስ ልጅ። በዚህ አገር በብዛት የሚታወቁት የቤተሰብ ስሞች እነዚህ ናቸው። ከነሱ ጋር ስትተዋወቁ እንግዳ ነገር የሰማችሁ አይምሰላችሁ። የሰንበቴ ማኅበር ስም ዝርዝር ነው።

የቀን መቁጠሪያቸውም ይህን ያሳያል። በስዊድን ካላንደር እያንዳንዱ ቀን ማለት ይቻላል ስም አለው። የዚያ ስም ባለቤት በዕለቱ እንኳን አደረሰህ ይባላል። ሥሩ የቅዱሳን ቀን ነው። ዛሬ ግን የቅዱሳኑ ነገር ብዙም አይነሳም፤ ኬክ ነው የሚነሳው።

አንድ ስም ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እወዳታለሁ። ሊኔያ።

በደቡብ ስዊድን፣ ስሞላንድ በሚባለው አገር፣ አንድ ኒልስ የሚባል የገበሬ ልጅ ነበር። አባቱ ኢንገማር ስለሆነ ኒልስ ኢንገማርሶን ይባላል፤ ልክ እንደ እኛ፣ ስምና የአባት ስም። ቄስ ሊሆን ሉንድ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ግን የተማረ ሰው የሚመስል ቋሚ የቤተሰብ ስም አስፈለገው። በቤተሰቡ መሬት ላይ አንድ ትልቅ ዛፍ ነበር፣ ሊንድ የሚባል ዓይነት። በአገሬው አነጋገር ሊን ይሉታል። ኒልስ ያንን ዛፍ ወስዶ የላቲን ቀሚስ አለበሰው፦ ሊኔዩስ። ከዘመዶቹም በዚያው ዛፍ የተሰየሙ አሉ፤ አንዱ ወገን ሊንዴሊዩስ፣ ሌላው ወገን ቲሊያንደር ተባለ። አንድ ዛፍ ለሦስት ቤተሰብ ስም ሆነ።

በ1707 ኒልስ ካርል የሚባል ልጅ ወለደ። ካርል ሊኔዩስ አድጎ ለዕፅዋትና ለእንስሳት ሁሉ ስም የሚያወጣ ሰው ሆነ። ዛሬ ሳይንስ እያንዳንዱን ፍጥረት በሁለት የላቲን ቃል የሚጠራው የእሱን መንገድ ተከትሎ ነው። ይህ ሁሉ ስም ያወጣ ሰው አንዲት አበባ ወደደና የራሱ ስም ለእሷ ሆነላት። ሊኔያ ቦሪያሊስ ተባለች። በአንድ ታዋቂ ሥዕሉ ላይ በሰሜን የሚኖረውን የሳሚ ሕዝብ ልብስ ለብሶ እሷን በእጁ ይዞ ይታያል።

አበባይቱን ያየኋት እዚህ በመጣሁ በስድስተኛው ዓመት ነው። በሐምሌ ወር ከትምህርት ቤት ባልደረቦቼ ጋር ጫካ ወጣን። ጥድ የበዛበት፣ መሬቱ እንደ ፍራሽ የሚሰምጥ ሽበት የለበሰ ጫካ። አንዷ መምህርት «ተኛ» አለችኝ። ምን ማለቷ ነው ብዬ ቆምኩ። እሷ ሸሚዟን ሳትሳሳ በሆዷ ተኛች። እኔም ተኛሁ። እንደ ክር ከቀጠነ ግንድ ጫፍ ላይ መንታ ሆነው የተንጠለጠሉ ሁለት ደወሎች። ነጭና ሮዝ። የአንዷ ቁመት ከጥፍሬ አይበልጥም። አፍንጫዬን ሳስጠጋ ጣፋጭ ሽታ አላት። «ይህቺ እኔ ነኝ» አለችኝ። ስሟ ሊኔያ ነው። ካልተጎነበሱ የማትታይ አበባ በመሆኗ ትኮራለች።

ትርጉም ማለት ለእኔ ይህ ነው። ዝርዝሩ ላይ «ሊኔያ፦ የአበባ ስም» ይላል። አልዋሸም። ግን ከዛፍ ወደ ገበሬ ልጅ፣ ከእሱ ወደ ልጁ፣ ከልጁ ወደ አበባ፣ ከአበባ ወደ ስንትና ስንት ሴቶች የሄደውን መንገድ አንድ መስመር አይችለውም።

አሁን ብዙዎቻችሁ የምትጠብቁት ክፍል ላይ ደርሰናል፤ የአባት ስም።

አንድ ቀን ልጄን ለክትባት ወሰድኩት። ልጄ አዲስ አበባ የተወለደ ነው፤ የአባት ስሙ የእኔ ስም ነው። የእኔ የአባት ስም የአባቴ ነው። የባለቤቴ ደግሞ የአባቷ። ነርሷ ኮምፒውተሯን አየች፣ እኛን አየች፣ እንደገና ኮምፒውተሯን አየች። ሦስት ሰው፣ ሦስት የቤተሰብ ስም። «የልጁ አባት አብሯችሁ አልመጣም?» አለችኝ። እኔ ነኝ አልኳት። ላስረዳት ሞከርኩ፤ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፣ ግን ከፊቷ እንዳልገባት አየሁ። ኤርፖርት ላይ ይህ የደረሰበት እጁን ያውጣ። ... አያችሁ፣ ግማሻችሁ ናችሁ።

የነርሷ ቅድመ አያት ብትሆን ግን ወዲያው ይገባት ነበር። ከመቶ ምናምን ዓመት በፊት የስዊድን ገበሬ ልክ እንደ እኛ ነው የሚጠራው። ፔር ልጅ ሲወልድ ወንዱ ፔርሶን፣ ሴቷ ፔርስዶተር ናቸው። ሴቷ ስታገባም የባሏን ስም አትወስድም ነበር፤ የአባቷ ልጅ ሆና ትሞታለች። ፔርሶን በተራው ላርስን ቢወልድ፣ የላርስ ልጅ ላርሶን ነው። ስም በየትውልዱ ይለወጣል። ቋሚ የቤተሰብ ስም የመኳንንትና የተማሩ ሰዎች ነገር ነበር። መኳንንቱ እንዲያውም ሌዮንሁቩድ የሚል ቤት ነበራቸው፤ የአንበሳ ራስ ማለት ነው።

ወታደሩ ደግሞ ሌላ ችግር ነበረበት። አንድ ጓድ ውስጥ አምስት አንደርሶን ካለ አዛዡ ሲጣራ አምስቱም አቤት ይላሉ። ስለዚህ ለወታደሩ አጭርና ጉልበት ያለው ስም ይሰጠዋል። ስታርክ፣ ጠንካራ። ሞዲግ፣ ደፋር። ራስክ፣ ፈጣን። ሾልድ፣ ጋሻ። አባ ታጠቅን፣ አባ ዳኘውን፣ አባ ነፍሶን ለሚያውቅ የፈረስ ስም ነገር እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ የስዊድኑ ስም ከፈረስ ጋር አለመያያዙ ነው።

ኖርዌይ ደግሞ ስሙ ከእርሻው ጋር ነበር። ሃውገን፣ ጉብታው። ባከን፣ ዳገቱ። ከጉብታው እርሻ ወደ ዳገቱ እርሻ የተዛወረ ሰው ስሙም አብሮ ይዛወራል። አድራሻ ነው እንጂ የዘር ስም አልነበረም።

ከዚያ መንግሥት መጣ። ግብር የሚሰበስብ፣ ወታደር የሚመለምል፣ መዝገብ የሚይዝ መንግሥት በየትውልዱ የሚለወጥ ስም አይወድም። ዴንማርክ በ1828 የቤተሰብ ስም ቋሚ እንዲሆን አዘዘች፤ ሕዝቡ ቶሎ እሺ አላለም። ስዊድን በ1901 ደንብ አወጣች፣ ኖርዌይ በ1923 ሕግ። በዚያን ጊዜ በእጅ ላይ የነበረው የአባት ስም ባለበት ደነዘዘ። ዛሬ አና ካርልሶን የምትባል ሴት ስታገኙ ስሟን ቃል በቃል ከተረጎማችሁት «አና የካርል ወንድ ልጅ» ነች። ማንም አይስቅም። አይሰማቸውማ።

እምቢ ያለችው አይስላንድ ናት። እዚያ ዛሬም ሰው በአባቱ፣ አንዳንዴም በእናቱ ስም ነው የሚጠራው። በ1980 የተመረጡት ፕሬዚዳንት ቪግዲስ ፊንቦጋዶቲር ናቸው፤ የፊንቦጊ ልጅ። በሕዝብ ምርጫ የአገር ፕሬዚዳንት የሆኑ በዓለም የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። አገሩ ሁሉ ቪግዲስ ነው የሚላቸው። የስልክ ማውጫቸውም ይደረደር የነበረው በራስ ስም ነው። ያቺ ዘፋኟ ብዮርክም በስሟ ብቻ የምትጠራው ለዝና አይደለም። የአገሯ ወግ ነው፤ ብዮርክ ማለት ደግሞ በርች የሚባለው ዛፍ ነው። አንድ አይስላንዳዊ ነርስ ቢገጥመኝ ኖሮ ያን ቀን ሦስት ደቂቃ ይበቃን ነበር።

ደስ የሚለው ነገር፣ ስዊድንም ኖርዌይም ዴንማርክም በሕጋቸው ይህን በር መልሰው ከፍተውታል። እዚህ ስዊድን የአባትን ወይም የእናትን ስም ወስዶ ሶን ወይም ዶተር ጨምሮ የቤተሰብ ስም ማድረግ ይቻላል። አበበሶን ማለት ይቻላል ማለት ነው። እኔ አልሞከርኩትም። ልጄ ሐሳቡን ሲሰማ ክፍሉን ዘግቶ ገባ።

ስለ ሕግ ካነሳን፣ እነዚህ አገሮች ስም ላይ እንደምታስቡት ልቅ አይደሉም። በ1996 አንድ ስዊድናዊ ባልና ሚስት ለልጃቸው 43 ፊደልና ቁጥር የተደበላለቀበት ስም አቀረቡ። የዋይፋይ ፓስወርድ ነው የሚመስለው። አነባበቡ «አልቢን» ነው አሉ። ልጁ አምስት ዓመት እስኪሞላው ስም ስላላስመዘገቡ 5,000 ክሮና ተቀጥተው ነበር፤ ይህን ስም ያመጡት በቅጣቱ ተናድደው ነው። አልተፈቀደም። ቀጥለው «ኤ» የምትለዋን አንዲት ፊደል አቀረቡ። አነባበቧ? አልቢን። እሷም አልተፈቀደችም።

አይስላንድ ደግሞ በ1991 የተቋቋመ የስም ኮሚቴ አላት። ስሙ በቋንቋው ሰዋስው መርባት መቻል አለበት። አንዲት እናት ልጇን ብላይር አለቻት፤ ለስላሳ ነፋስ ማለት ነው። ቄሱ አጠመቋት። በኋላ መዝገብ ቤቱ «ይህ ቃል በሰዋስው ወንድ ነው፣ ለሴት አይሆንም» አለ። ልጅቷ 15 ዓመት እስኪሆናት በመንግሥት ወረቀት ላይ ስሟ «ስቱልካ» ነበር። ስቱልካ ማለት ልጅት ነው። ፓስፖርቷ ላይ ማሚቱ ተብሎ እንደተጻፈ ቁጠሩት። በጥር 2013 ሬይኪያቪክ ፍርድ ቤት ፈረደላትና ብላይር ሆነች። በ2019 ደግሞ አገሪቱ ስምን በጾታ መከልከሉን በሕግ ተወችው።

ስሙን በአንድ ቀን የለወጠ ንጉሥም አለ። ኖርዌይ በ1905 ከስዊድን ስትለይ ንጉሥ አልነበራትም። የዴንማርኩን ልዑል ካርልን ጠራች። ካርል ሆኮን ሰባተኛ ተባለ፤ ከ500 ዓመት በላይ ማንም ያልነገሠበት የድሮ ስም። የሁለት ዓመት ልጁ አሌክሳንደር በዚያው ኦላቭ ሆነ። ካሳ ቴዎድሮስ፣ ተፈሪ ኃይለ ሥላሴ ሲሆኑ ያየ አገር ሰው ይህንን አያስረዱትም።

እሺ፣ ወደዚያች እናት። ከስልኩ በኋላ ቤቷ ሄጄ ሻይ ጠጣን። የነገርኳትን ለእናንተም ልንገራችሁ፤ ሕፃን የምትጠብቁ አይቻለሁ እዚህ።

አንደኛ፣ ዝርዝሩን አታምልኩት። ሲግሪድ «ድል» ትላለች ብላችሁ ልጃችሁን ሲግሪድ ብትሉ፣ ክፍል ውስጥ ያሉት ልጆች ድል አይሰሙም፤ የአንድ ሰው አያት ነው የሚሰሙት። እሱ መጥፎ አይደለም። ግን እያወቃችሁ ይሁን።

ደግሞ መሐል ላይ የሚገናኙ ስሞች ሞልተዋል። ሃና፣ ሣራ፣ ማርታ፣ ኤልሳ፣ ኤልያስ፣ ዮናስ። ደሴም ስቶክሆልምም ሳይሰበሩ ይጠራሉ። አያት አይደናቀፉም፣ መምህርም አይደናቀፍም። እኔ እንደ መምህር ይህን አልንቀውም፤ በመጀመሪያው ቀን ስሙ ሲጠራ ጠረጴዛ ስር የሚገባ ልጅ አይቻለሁ።

ሌላው፣ እዚህ አገር ልጅ ሁለት ሦስት የራስ ስም ሊኖረው ይችላል። አንዱ መጠሪያ ይሆናል፣ ሌሎቹ ከኋላ ይቀመጣሉ። ስለዚህ የግድ አንዱን መጣል የለባችሁም። ሕይወት ሊቭ ብላችሁ ማስመዝገብ ትችላላችሁ፤ ሁለት ጊዜ ሕይወት። ከውጊያ ውጊያ ይሻላል አልኳት። ሳቀች።

ቅጹን ለስካተቬርኬት፣ ለግብር መሥሪያ ቤቱ፣ የምታስገቡት በሦስት ወር ውስጥ ነው። ኖርዌይና ዴንማርክ ዘመድ ካላችሁ እነሱ ስድስት ወር አላቸው፤ አይቅናችሁ።

ሴትየዋ ዛሬ አልመጣችም። ከዐሥር ቀን በፊት ወልዳለች፣ ሴት፣ እንኳን ማርያም ማረቻት። ትናንት ልጠይቃት ስሄድ ቅጹ ማቀዝቀዣው ላይ በማግኔት ተለጥፏል። የስሙ ቦታ ባዶ ነው። ሊቭ ወይስ ሊኔያ እያለች ነው፣ ባሏ ማስተዋል ይላል። አያትየው ከደሴ በቪዲዮ ገብተው ስክሪኑ ላይ ግንባራቸው ብቻ ይታያል። «ስሟ ማን ሆነ?» አሉ። ገና ነው አልናቸው። «እኔ አልጠብቅም» አሉ። «ማሚቱ! ማሚቱዬ! ወዲህ አዙሯት እንጂ፣ ፊቷን ልይ!»